ሰጠኝን ማን አስተኛው

አምባ ጊዮርጊስ
መስከረም 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀብተሥላሴ
አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበትህ። አዲሱ ከተማ ተስማማህ ወይ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ስለ ጤናዬ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

በአያ ቢያዝን በኩል የላክኸው ቃል ደርሶኛል። «እንዴት ሰማች፣ ምን ሆነች» ብለህ ጠይቀሃል። ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈልግምና እኔው ልጻፍልህ። በመሠረተ ትምህርት የተማርሁት ፊደል እጄን ቶሎ አያስኬደውም። ያስተማረኝ ልጄ ሰጠኝ መሆኑን ታውቃለህ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍሁት፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

መስቀል ቅዳሜ ዋለ። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስወጣ አያ ቢያዝን ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴት ሁሉ አጥሩን ተጠግቶ ቆሟል። መርዶ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። የማን መሆኑ ግን አልገባኝም።

«የማን ነው አያ» አልሁ።

«ወደ ቤት እንግባ፣ እናኑ።»

«የማን ነው። የሀብቴ ነው? መኪናው ተገለበጠ?»

ወደ አዲስ አበባ መዛወርህን ሰምቼ ነበርና የፈራሁት ላንተ ነው። አያ ቢያዝን አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ሰጠኝ ነው» አሉኝ።

«ሰጠኝ ደህና ነው፤ ደብዳቤ አለኝ» አልኋቸው። እውነቴን ነው ያልሁት። ገብቼ ደብዳቤህን አወጣሁና ሰጠኋቸው። አያ ቢያዝን ፊደል አይለዩም፤ ወረቀቱን ተቀብለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ያን ጊዜ አመንሁ።

ደብዳቤህን አንተም ታስታውሰዋለህ። ነሐሴ 20 ቀን ከጎንደር ሆስፒታል ነው የተጻፈው። «ሰጠኝ እየተሻለው ነው፤ የእግሩም እብጠት ጎድሏል፤ መንገዱ አስጊ ስለሆነ እንዳትመጪ» ይላል። ልጄ የሞተው ነሐሴ 9 ቀን ነው አሉኝ።

አርባው መስከረም 13 ቀን አለፈ። በዚያ ቀን ምን ስሠራ እንደነበር አስታውሳለሁ። የሆስፒታሉ ትራስ ስስ ነው ብሎ ልኮብኝ ነበርና ጆንያ ቆርጬ፣ ገለባ ሞልቼ መደገፊያ ስሰፋለት ነበር። ሴቶቹ በደጄ ሲያልፉ ቆም እያሉ ያዩኝ ነበር። «ምነው እናኑ፣ ዛሬ ትንሽ አረፍ ብትይ» አለችኝ ሽታዬ። ደክሞኝ አይታ መስሎኝ መረቅኋት። ሁሉም ያውቁ ኖሯል።

እነርሱን አልወቅስም። መርዶ በበዓል አይነገርም፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ይለፍላት ብለው ነው። ሰው ለሰው የሚያደርገው ነው፤ እኔም ለሌላው አድርጌዋለሁ። ግን ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ እስከ ጳጉሜ ትልቅ በዓል አልነበረም። ይህን ስጠይቃቸው አያ ቢያዝን «ቆዩ ያለን ሀብተሥላሴ ነው» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰጠኝ ሲሞት ተቀምጦ ነበር ወይስ ተጋድሞ? በልጅነቱ ያ የሳንባ ነቀርሳ ለቅቆት ጠባሳውን ከተወበት ወዲህ ተጋድሞ አድሮ እንደማያውቅ፣ ተቀምጦ ወደ ፊት ካልተደገፈ ትንፋሹ እንደሚቆረጥ ከኔ ቀጥሎ የምታውቀው አንተ ነህ። ይህን እስካላውቅ ለቅሶዬ አይወጣልኝም።

ያሳደገችህ እናኑ

*

አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ እቴቴ፣

ቸሩ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ከፍቼ ለማንበብ አቅም አጥቼ ሰንብቻለሁ። ሰጠኝ ላንቺ ልጅ ነው፤ ለኔም ከእናት ልጅ የማላሳንሰው ወንድሜ ነበር። ከአጠገብሽ ሆኜ አብሬሽ ባለማልቀሴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዝውውሬ ድንገት ስለመጣ ነው።

ቀብሩ በቀሐ ኢየሱስ በወግ በማዕረግ ተፈጽሟል። ፍትሐቱም ሳይጓደል ተደርሷል። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ተሸክመነዋል። አንቺን ለማስጠራት ፈልጌ ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን በወገራ በኩል ያለው መንገድ ተዘግቶ ነበር። የነሐሴውን ደብዳቤ የጻፍኩት ብቻሽን ሆነሽ ክፉ ወሬ እንዳይደርስሽ ብዬ ነው። ሰው አጠገብሽ ሳይኖር በወረቀት ከምትሰሚው ብዬ ነው።

አሟሟቱን ጠይቀሻል። ሐኪም ነኝና እንደ ሐኪም ልንገርሽ። ሰጠኝ ሐምሌ ላይ ሲገባ ልቡ ደክሞ ነበር። እግሩ ያበጠውም ለዚህ ነው። በጠባሳው ምክንያት የሳንባው የደም ሥሮች ጠብበዋል፤ ልቡ በጠበበው መንገድ ደም ሲገፋ ደከመ። ስለዚህ የደም ሥር የሚያሰፋ ክኒን ጀመርንለት። ክኒኑ በየሰዓቱ ተከፋፍሎ የሚወሰድ ነው። ነገር ግን ፍልሰታ ሲገባ፣ በጾሙ ምክንያት የጠዋቱን እስከ ቅዳሴ መውጫ አቆይቶ ከሌላው ጋር ደርቦ ይውጠው እንደነበር ሰምቻለሁ። ሁለቱ ሲደራረቡ የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ይጥላሉ። ስለ ጾሙ አንቺ መልእክት ልከሽበት እንደነበርም ነግረውኛል።

አልወቅስሽም። እናት ነሽ፤ ለነፍሱ አስበሽ ነው።

በጣም የሚወድሽ
ሀብተሥላሴ

*

አምባ ጊዮርጊስ
ጥቅምት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሀብተሥላሴ

ሰላምታዬ ይድረስህ። «ጤናሽስ» ላልኸኝ ደህና ነኝ።

አልወቅስሽም ያልኸውን ደጋግሜ አነበብሁት። አንድ ሰሞን እህል አልወርድ አለኝ። ልጄን በጾም የገደልሁት እኔ ነኝ ወይ እያልሁ ውዬ አደርሁ። በመጨረሻ መልእክቱን ወደ ወሰዱት ሰው ወደ ቄስ ወልደኢየሱስ ሄድሁ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ በፍልሰታ መግቢያ ለጉዳያቸው ጎንደር ወርደው ነበር።

«አባ፣ ለሰጠኝ ምን ብዬ ነው የላክሁዎ?» አልኋቸው።

«አንቺ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ከአፍዎ መስማት ፈልጌ ነው።»

«'ክኒንህን በሰዓቱ ዋጥ፣ ውሃም ጠጣበት፣ ጾሙን እኔ እጾምልሃለሁ' ብለሽ ነው የላክሽኝ። እኔም ፈታሁት። የታመመ ሰው ጾም የለበትም አልሁት። እፊቴ ዋጠው። 'አባ፣ ይህን ቀኖና ብለው ይቁጠሩልኝ፣ ከጾሙ ይልቅ ይመራል' ብሎ አሳቀኝ።»

ሰማህ፣ ሀብተሥላሴ? ልጄ ክኒኑን አልደረበም። አንተ በየቀኑ አልጋው አጠገብ የምትቆመው ሐኪሙ፣ ይህን ማን ነገረህ? ወይስ ማንም አልነገረህም?

መንገዱ ተዘግቶ ነበር ላልኸው፣ ሽታዬ ነሐሴ 10 ቀን ጎንደር በርበሬዋን ሸጣ በአውቶቡስ ተመልሳለች። ኬላው ላይ ወታደር ቦርሳዋን በረበረ እንጂ አልመለሳትም። ልጄ በሞተ ማግስት ማለት ነው። ብትልክብኝ ኖሮ በእግሬም ቢሆን እደርስ ነበር።

እህቴ ብርቄ አንተን ትታብኝ ስትሞት ሰጠኝ ካንተ ትንሽ ከፍ የሚል ልጅ ነበር። የታመመ ጊዜ ማንም ከአጠገቡ እንዳይተኛ ሐኪም ከልክሎ ነበር። ከዳነ በኋላ ግን አንተ እንቢ ብለህ አጠገቡ ገባህ። መጋደም ሲያቅተው ጀርባህን ለጀርባው ሰጥተህ፣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ታድሩ ነበር። «እኔ ግድግዳ ነኝ፣ ተደገፍ» ትለው ነበር። አንገትህ ተጣምሞ ስትነሳ ቅቤ ያሸሁህ እኔ ነኝ። እንግዲህ አላውቅም ልትለኝ አትችልም።

የጠየቅሁህን አልመለስህልኝም። ተቀምጦ ነበር ወይስ ተጋድሞ?

እናኑ

*

አዲስ አበባ
ኅዳር 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ እናኑ

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን አሉ። በጥቅምት 30 የጻፉልኝም፣ ከዚያ አስከትለው በአጭሩ «አስተኛኸው ወይ» ብለው የላኩብኝም ሁለቱም ደርሰውኛል።

የክኒኑን መደረብ በተመለከተ የደረሰኝ ወሬ ስህተት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን እመልሳለሁ። አዎ፣ በዚያ ቀን ተጋድሞ ትንፋሹ እንዲለካ ተደርጓል። ምክንያቱን በሚያውቁት ነገር ልግለጽልዎ። መስኖ ሲያጠጡ ድንጋያማው ማሳ ላይ ውሃ እንዳይባክን ቦዩን በአፈር ይደፍኑታል። ሰውነትም እንዲሁ ያደርጋል። ከሳንባው ውስጥ አየር የማይደርስበት ክፍል ሲኖር ወደዚያ የሚሄደውን የደም ሥር ያጠብበዋል፤ ደሙም አየር ወዳለበት ይሄዳል። ክኒኑ የደም ሥሮችን ሲያሰፋ ልብ ያርፋል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን የተደፈነውንም ቦይ አብሮ ሊከፍተው ይችላል። ያኔ ደሙ አየር ሳያገኝ ይመለሳል። ሰው ሲቀመጥና ሲጋደምም ደሙ በሳንባው ውስጥ የሚሄድበት ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ክኒኑ የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው ሕመምተኛው እንዴት ሲሆን ነው የሚለውን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ይህን በአገራችን ሰው ላይ የመረመረ አልነበረም። ለብዙ ሕመምተኞች የሚበጅ ጥናት ነው።

ሰጠኝ ወደ ጥናቱ የገባው በፈቃዱ ነው። የተማረ ሰው፣ መምህር ነበር። ሁሉንም አስረድቼው እሺ ብሏል። ሕክምናው የተካሄደው በባለሙያ ክትትል ነው። ሕመሙ የቆየና የጠና ስለነበር ያለዚያም ቢሆን ዕድሜው ረጅም ይሆን ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። እንዲጽናኑ እመኛለሁ።

ዶክተር ሀብተሥላሴ

*

አምባ ጊዮርጊስ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሀብተሥላሴ

እንደምን ከርመሃል።

ምነው እርስዎ አልኸኝ? ከትንሽነትህ ጀምሮ አንቺ ያልኸኝን ሴት ዛሬ ወይዘሮ ያሰኘህ ምንድን ነው። ሰው ዘመዱን የሚያርቀው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው።

የመስኖውን ነገር ተረድቼዋለሁ። ሸጋ አድርገህ አስረድተሃል። ልጄ ድንጋያማ ማሳ እንዳለው እያወቅህ ቦዩን ከፈትህ፤ ከዚያ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለማየት አጋደምኸው። የተረዳሁት ይህን ነው። ከተሳሳትሁ አርመኝ።

ባለፈው ሳምንት ከአይከል አንድ ሰው ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ። ፋንታሁን ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው። ከሰጠኝ አጠገብ ባለው አልጋ ተኝቶ የታከመ፣ ያንኑ ክኒን የዋጠ ሰው ነው። ደረቱ እስካሁን ያፏጫል። ደጄ ደርሶ እስኪተነፍስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያለውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ። አንተም እዚያ ስለነበርህ ሐሰት ካለበት ታገኘዋለህ።

«እትዬ፣ ልጅሽ ቀልደኛ ነበር» አለኝ። «ክኒኑ ሲመጣ 'የመንገድ ሥራዎች መጡ፣ ዘወር በሉላቸው' ይላል። ክፍሉን ያስቀው ነበር። እኔን ክኒኑ ጠቅሞኛል፤ ሐሰት አልናገርም። የሱን እግርም አጉድሎለት ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዱን ጠረጴዛዋ ላይ ጥሎ፣ እንደ ወትሮው ወደ ፊት ተደግፎ ነበር። ዶክተሩ መጣ።»

«ሀብተሥላሴ?»

«እሱው። ክኒኑን ውጠሃል አለው። ውጫለሁ አለ። 'እንግዲያው ዛሬ ጋደም ብለህ እንለካሃለን' አለው። ሰጠኝ ሳቀ። 'አንተ ልጅ፣ በኔ ሱሪ ተምረህ ዛሬ ተኛ ብለህ ታዘኛለህ?' አለው። ዶክተሩም ሳቀ። 'የተቀመጥህበት ተለክቷል፤ የተጋደምህበት ከሌለ ሥራዬ ጎዶሎ ነው፤ ይዤው ነው አዲስ አበባ የምሄደው' አለው። ሲሄድ ሰጠኝ ወደኔ ዞረና 'ሌላ ሰው ቢሆን እንቢ እለው ነበር፤ ለዚህ ግን እንዴት ብዬ' አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«አጋደሙት። መለኪያውን አፉ ላይ አደረጉለት፤ ከእጁ አንጓም ደም ሊቀዱ ተዘጋጁ። ሰውነቱ እስኪረጋ መቆየት አለበት ተባለ። በዚህ መሐል ዶክተሩን ለስልክ ጠሩት። 'እስክመለስ እንዳይነሳ፣ ከተነሳ ሁሉንም ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው' ብሏት ለነርሷ ለብርቱካን ወጣ። ቆየ። ሰጠኝ 'እህቴ፣ አንሺኝ' አላት። ትንሽ ታገስ፣ ይመጣል አለችው። እኔም ታገስ አልሁት፤ ደህና መስሎኝ። ደግሞ 'አንሱኝ' አለ። ከንፈሩ መጥቆር ሲጀምር ብርቱካን መለኪያውን ወርውራ፣ ሳትጠይቅ ብድግ አደረገችው። ትንፋሹ ግን አልተመለሰለትም። እስከ ማታ ታገለ። ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ከአጠገቡ አልተለየም። አለቀሰ፤ ለቅሶው እውነት ነበር።»

ፋንታሁን ይህን ሲነግረኝ አያ ቢያዝን ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው ከሄደ በኋላ «እኔም የምነግርሽ አለኝ» አሉ።

«ይበሉ አያ።»

«ሀብተሥላሴ ከቀብሩ ማግስት ሰው ልኮ ጎንደር አስጠራኝ። 'እናኑን እኔ መርምሬያታለሁ፣ ልቧ ደካማ ነው፣ ድንገት ከሰማች ትሞትባችኋለች፤ እኔ ነገሩን አመቻችቼ ቃል እስክልክ አትንገሯት' አለኝ። ሐኪም ነው፤ የገዛ ልጅሽ ነው። እኔ ምን ልበል? ለሰፈሩ ሁሉ የእናኑ ልብ ተብሎ ተነገረ። ውሃ እንኳ ስትቀጂ እንስራሽን ሊቀበሉሽ የሚሽቀዳደሙት ለዚያ ነበር። ቃል ስንጠብቅ እሱ በጳጉሜ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በዓሉ መጣ።»

ሀብተሥላሴ፣ ልቤን መቼ መረመርኸው?

ሰዎቼ የሚወዱኝ መሆናቸውን አውቀህ፣ በፍቅራቸው አስያዝኸኝ። መርዶ የሚቆየው ለሐዘንተኛው ታስቦ ነው። አንተ ያቆየኸው ደጅህ መጥቼ «እንዴት ሞተ» ብዬ እንዳልጠይቅህ ነው። የልጄን አርባ አሳለፍህብኝ።

ስልኩ የማን ነበር? ይህን መልስልኝ።

እናኑ

*

አዲስ አበባ
ጥር 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ልብሽን መርምሬው አላውቅም።

ስልኩ ከአዲስ አበባ ነበር። ዝውውሬ መፈቀዱን ሊነግሩኝ ነው። መስመሩ እየተቆረጠ፣ ደግሜ እየጠራሁ ዘገየሁ። ፋንታሁን የነገረሽ ሁሉ እውነት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰበብ ብለሽ አትይብኝ። ክኒኑ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የሰጠሁት። እግሩ ሲጎድል፣ ፎቅ ሲወጣ ሳየው ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። ስለተሻለው ነው መጋደምም ይችላል ብዬ የደፈርኩት። ያ ደብዳቤ ላይ እየተሻለው ነው ስልሽ የሐምሌውን ሰጠኝ እያሰብኩ ነበር። ሞቷል ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁ፤ እጄ ያንን ጻፈ። ከዚያ በኋላ አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተው ሄደ። የጾሙን ነገር ማንም አልነገረኝም። ከራሴ አወጣሁት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

የኔን ጥፋት ቀበሌ እንደሰማና ካንቺ ቃል ሊቀበሉ እንደሆነ ከጎንደር ጓደኛዬ ጽፎልኛል። ፈርመሽ እንደሆነ እባክሽ አሳውቂኝ።

ምርመራው ቆሟል። እስካሁን የተገኘው ግን በሚያዝያ ለሐኪሞች ጉባኤ ይቀርባል። ክኒኑ የአንዳንዶችን ልብ ቢያሳርፍም በደማቸው ያለውን አየር ሊያሳንስ እንደሚችል፣ በተለይ ሲጋደሙ ጥንቃቄ እንደሚያሻ ይነግራል። ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በሥርዓቱ መሠረት የማንም ሕመምተኛ ስም አይጻፍም። ስለ ሰጠኝ ያለው «አንድ ሕመምተኛ በምርመራው ዕለት ሞቷል» የሚል ነው።

ለሙት ዓመቱ ሽማግሌ ይዤ እግርሽ ላይ ልውደቅ? ምን ላድርግልሽ?

ሀብተሥላሴ

*

አምባ ጊዮርጊስ
የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሀብተሥላሴ

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እውነቱን ስለጻፍኸው ከእንግዲህ አልጠይቅህም።

አልፈረምሁም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደመቀ እቤቴ መጥቶ ነበር። ወረቀቱን ጽፈው ጨርሰውታል።

«እትዬ እናኑ፣ ከታች ብቻ ፈርሚ። የቀረውን እኛ እናውቃለን።»

«የቀረው ምንድን ነው?»

«ይጠየቃል።»

«ከተጠየቀ በኋላስ?»

«እሱን ለኛ ተዪው። ልጅሽን ገድሎ ሊኖር ነው?»

በዚህ ዘመን ተጠይቆ የቀረውን ሰው ስንቱን አውቃለሁ። የአያ ቢያዝን የበኩር ልጅ ለጥያቄ ተብሎ ወጣ፤ መርዶውን እንኳ የሚያረዳ አልተገኘም። «ዓይኔ አይታይም፣ ፊደሉም ጠፍቶብኛል» አልሁት። ደመቀ ሳቀ። «አቡጊዳን በእንጨት አስጭሬ ያስተማርሁሽ እኔ ራሴ ከሰጠኝ ጋር አይደለሁም ወይ፣ ምን ታሞኚኛለሽ» አለኝና ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። ቢመለስም አልፈርምም። ይቅር ስላልሁህ አይደለም። ብርቄ በሞት አልጋዋ ላይ ሆና አንተን ስትሰጠኝ እቀበልሻለሁ ብያለሁ። በአደራ የተሰጠን ሰው አሳልፎ መስጠት እንዴት እንደሚያም አሁን አውቀዋለሁና እኔ አልደግመውም።

ሽማግሌ አትላክብኝ። ሽማግሌ ፊት እንቢ አይባልም፤ ከላክህ እሺ ማለቴ ነው። እሺታው ግን ከአፌ እንጂ ከሆዴ አይሆንም። አንተም ይቅር ተባልሁ ብለህ ትሄዳለህ፤ እኔም ተሸክሜው እቀራለሁ። እውነተኛው ይቅርታ ከመጣ እኔው እጽፍልሃለሁ። እስከዚያ የሙት ዓመቱን ተዝካር ብቻዬን አወጣለሁ፤ ሰፈሩ አለልኝ። አንተ ሥራህን ሥራ።

ምን ላድርግልሽ ብለሃል። አንድ ነገር አለ።

«አንድ ሕመምተኛ» አትበለው። ሥርዓታችሁ ስም አይጻፍ ካለ፣ ሥርዓቱን አፍርስ አልልህም። ነገር ግን በጉባኤው ላይ ንግግርህን ስትጨርስ ከዚህ በታች ያለውን አንብብላቸው። ድምፅህ ከተያዘ ለሌላ ሰው ስጠውና ያንብበው። ፈርተህ ከተውኸው እንደተውኸው ጻፍልኝ፤ ውሸት ብቻ አትጻፍልኝ።

ይህን ለምትሰሙና ለምታነቡ ሐኪሞች ሁሉ።

እኔ እናኑ እባላለሁ። የወገራ ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ ሞቷል ተብሎ ያነበባችሁት የኔ ልጅ ነው። ስሙ ሰጠኝ ነው። አስተማሪ ነበር፤ ገበሬዎችንና ሚስቶቻቸውን ፊደል አስቆጥሯል፤ ይህን የጻፈችው እጅም የእሱ ተማሪ ናት። ትንፋሹ አጭር ስለነበር ነገሩን ሁሉ በአጭሩ ይናገር ነበር፤ ቀልዱም አጭር ነበር። መጋደም እንደማይችል ያውቅ ነበር። የተጋደመው ወንድሙ ስለለመነው ነው።

በእሱ ያገኛችሁት እውቀት ካለ ተጠቀሙበት። አልከለክላችሁም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው አንሱኝ ሲላችሁ ግን ሐኪሙ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ አንሱት።

የክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን ነው። አርባው ያለ ተዝካር አልፎበታል። ስለዚህ ከእናንተ የሚጸልይ ሰው ቢኖር፣ ስለ ገብረ መድኅን ነፍስ አንድ አባታችን ሆይ ይድገምለት። በዚህ ጊዜ በሰው ፊት መጸለይ የሚያስፈራችሁ፣ ወይም ጸሎት የተዋችሁ ብትሆኑም አልፈርድባችሁም። ስሙን ብቻ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ ጥሩት። የጎደለውን እኔ እዚህ ሆኜ እሞላዋለሁ።